«የተለዩ» ሲባል ከማን?

በፌሚኒስት የፖለቲካ ንድፈ ሐሳብ ውስጥ ብዙ ቀለም የፈሰሰበት ጥያቄ «ሴቶች ከወንዶች ጋር አንድ ናቸው ወይስ ይለያሉ?» የሚለው ነው። መለኪያው ማን እንደሆነ ሳይጣራ መልስ መስጠት ግን ወጥመድ ነው። «አንድ ነን» ያለች ሴት እርግዝናዋ የግል ጣጣዋ ይሆናል፤ «እንለያለን» ያለች ደግሞ ልዩነቷ ከሥራ ማግለያ ይሆንባታል።

የጌዱልዲግና የአዬሎ የፍርድ ቤት ክርክር ይህን ወለል አድርጎ ያሳያል (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። ካሊፎርኒያ ውስጥ ሠራተኞች ከደመወዛቸው 1 በመቶ፣ በዓመት ቢበዛ 85 ዶላር፣ እያዋጡ በሕመም መሥራት ሲያቅታቸው የሚከፍላቸው መድን ነበር። መድኑ የፕሮስቴት ቀዶ ሕክምናን፣ ግርዛትንና ሪህን ይሸፍን ነበር፤ ችግር የሌለበትን እርግዝናና ወሊድ ግን አይሸፍንም ነበር። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1974፣ በ6 ለ 3 ድምፅ፣ የጾታ አድልዎ አልተፈጸመም አለ። ዋናው ነገር ያለው በፍርዱ የግርጌ ማስታወሻ ቁጥር 20 ላይ ነው፦ መድኑ የሚለየው ነፍሰ ጡሮችን ነፍሰ ጡር ካልሆኑ ሰዎች ነው፤ ካልሆኑት ወገን ወንዶችም ሴቶችም አሉ። ስሌቱ እንከን የለውም። የተበላሸው መነሻው ነው፤ እንደ ወትሮው ሠራተኛ የተቆጠረው የማያረግዝ አካል ነው። ፕሮስቴት ያለው ወንድ ብቻ ቢሆንም፣ እሱን መሸፈን ለወንዶች የተደረገ ልዩ እንክብካቤ ነው ያለ የለም።

ኮንግረሱ በ1978 ሕግ አውጥቶ በእርግዝና ምክንያት የሚደረግ አድልዎ የጾታ አድልዎ መሆኑን ደነገገ። ከዚያ በኋላ የተከፋፈሉት ራሳቸው ፌሚኒስቶቹ ናቸው። ካሊፎርኒያ ለነፍሰ ጡር ሠራተኛ እስከ 4 ወር የሚደርስ ያለ ክፍያ ፈቃድና ወደ ሥራዋ የመመለስ መብት ሰጥታ ነበር፤ ገሚሱ ደገፈ፣ ገሚሱ «ፈቃዱ መሥራት ላቃተው ሁሉ ይሁን» አለ። የኋለኞቹ ስጋት ከሜዳ የመጣ አይደለም፦ በ1908 ያው ፍርድ ቤት የሴቶችን የሥራ ሰዓት በቀን በ10 የሚገድብ የኦሪገን ሕግ ሲያጸና ምክንያት ያደረገው የሴትን ደካማነትና እናትነት ነበር። በ1987 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ የካሊፎርኒያውን ሕግ አጸና። «ለሁሉም እኩል» የሚለው መፍትሔ፣ በእኔ አስተያየት፣ የሚያዛልቀው መብቱን ለሌላው ሲያዳርስ ብቻ ነው፤ ከሁሉም ቢነጠቅም እኮ እኩልነት ይባላል።

የመለኪያው ጥያቄ «ሴቶች» በሚለው ስብስብ ውስጥም ይነሣል። አምስት ጥቁር ሴቶች ጄኔራል ሞተርስን ከሰሱ። ኩባንያው ከ1964 በፊት ጥቁር ሴቶችን አልቀጠረም ነበር፤ ቅነሳ ሲመጣ ደግሞ «ኋላ የገባ አስቀድሞ ይውጣ» በሚለው ደንብ ተባረሩ። የወረዳው ፍርድ ቤት በ1976 ኩባንያው ቀድሞም ሴቶችን ይቀጥር ስለነበር የጾታ አድልዎ የለም አለ፤ የተቀጠሩት ግን ነጮች ነበሩ። የዘሩን አቤቱታ ወደ ሌላ መዝገብ መራው፤ ሁለቱን አጣምሮ ማቅረብንም ከለከለ። የሕግ ምሁሯ ኪምበርሌ ክሬንሾ በ1989 ያጋለጠችው ይህንኑ ነው፦ በሕጉ ዓይን «ሴት» ስትባል የምትታየው ነጯ፣ «ጥቁር» ሲባል የሚታየው ወንዱ ነው።

ስለዚህ የቅጥር መረጃ ሲመረመር ጾታ ለብቻ፣ ዘር ለብቻ በሁለት ሰንጠረዥ ከቀረበ እነዚህ ሴቶች ከሁለቱም ይጠፋሉ። «እንግዲያው ክፍፍሉ የት ይቁም?» ለሚል ተከራካሪ መልሱ ያለው ደንቡ ላይ ነው፤ የቅነሳው መስፈርት የአገልግሎት ዘመን ከሆነ፣ ያን ዘመን መቁጠር እንዳይጀምሩ በር የተዘጋባቸው እነማን እንደነበሩ ይታያል።