ከጎርፉ በኋላ፦ መጀመሪያ ፎቶ፣ ከዚያ ጽዳት

አውሎ ነፋሱ አልፎ ጎርፉ ሲጎድል ሁሉም ወደ ቤቱ ይቻኮላል። አሜሪካ ያላችሁ ወገኖቼ፣ አደራ፣ ውሃ ውስጥ ቆማችሁ የኤሌክትሪክ ብሬከር እንዳትነኩ። ጀነሬተርም ቤት ውስጥ ወይም ጋራዥ ውስጥ አይነሳ፤ ከበርና ከመስኮት ቢያንስ 6 ሜትር ይራቅ። ከጭሱ ጋር የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ የለውም፤ የተኛውን ሰው እንደተኛ ይገድለዋል።

ምንም ነገር ከመጣላችሁ በፊት ፎቶ አንሱ፤ ውሃው ግድግዳው ላይ የተወውን መስመር፣ የፍሪጁንና የልብስ ማጠቢያውን ሴሪያል ቁጥር ሳይቀር። ከዚያ እርጥቡን ምንጣፍ ቶሎ አውጡ፤ ሻጋታ ከ24 እስከ 48 ሰዓት ውስጥ ይጀምራል። በረኪናን ከአሞኒያ ጋር ፈጽሞ አትቀላቅሉ፤ መርዛማ ጋዝ ይወጣል።

ኢንሹራንስ ካላችሁ መጀመሪያ እዚያ አመልክቱ። የተለመደው የቤት ኢንሹራንስ ግን ጎርፍን አይሸፍንም፤ የጎርፍ ኢንሹራንስ ለብቻው የሚገዛ ነው። ፕሬዚዳንቱ ለአካባቢያችሁ የአደጋ አዋጅ ካወጀና የግለሰብ እርዳታ ከተፈቀደ ለፌማ (ለፌዴራል መንግሥቱ የአደጋ ጊዜ እርዳታ መሥሪያ ቤት) በ1-800-621-3362 ደውሉ፣ አስተርጓሚም ጠይቁ። ተከራይም ለጠፋበት ንብረት ማመልከት ይችላል፤ «ቤቱ የኔ አይደለም» ብላችሁ እንዳትቀሩ።

ከፌማ «ብቁ አይደሉም» የሚል ደብዳቤ ቢመጣም ተስፋ አትቁረጡ። ብዙ ጊዜ የጎደለው የኢንሹራንሱ ውሳኔ ወይም እዚያ መኖራችሁን የሚያሳይ የመብራት ቢል ብቻ ነው። ደብዳቤው ላይ ካለው ቀን ጀምሮ በ60 ቀን ውስጥ ይግባኝ በሉ። ቤት ሊያይ መጥቶ ገንዘብ የሚጠይቅ ሰው አጭበርባሪ ነው፤ የፌማ ሠራተኛ አያስከፍልም።