የእቃቃዋ እናት ጅዳ ነበረች

ጥቅምት 2015 ዓ.ም.፣ ደሴ። በማስተምርበት መዋዕለ ሕፃናት የሳምንቱ ርዕስ «ቤተሰቤ» ነው። ጠዋት ጉሙ ከጦሳ ወርዶ ግቢውን ሞልቶት ስለነበር ልጆቹን ለማውጣት እስከ አራት ሰዓት ጠበቅን። ፀሐይ ብቅ ስትል ከግድግዳው ሥር ሰሌን አንጥፌ የእቃቃውን ዕቃ ዘረገፍኩላቸው።

ዕቃውን ታውቁታላችሁ። የድልህ ጣሳ፣ ቆርኪ፣ ጆሮዋ የተሰበረ ሲኒ፣ ከካርቶን የተቆረጠ ረከቦት። ቅጠል ጎመን ይሆናል። ጭቃ ዳቦ ይሆናል። ከጨርቅ የተሰፋች አንዲት አሻንጉሊትም ነበረችን። አንድ ዓይኗ ጠፍቶ በጥቁር ክር ሠርቼላታለሁ።

ማን ምን እንደሚሆን ያደልኩት እኔ ነኝ። አንተ አባት፣ አንቺ እናት፣ አንተ ወንድም፣ አንቺ እህት። ክፍል ውስጥ የተለጠፈው ሥዕል እንደዚያ ነው። አራት ሰው በአንድ ሶፋ።

እናት ያደረግኳት የአምስት ዓመት ልጅ ናት። ጸጥ ያለች ናት፣ ካልጠየቋት አትናገርም። ሰሌኑ ላይ ትንሽ ተቀመጠች። አሻንጉሊቷን አስተኛቻት። ከዚያ ባዶ የብስኩት ካርቶን አንስታ ተነሳች፤ ግቢውን አቋርጣ ሮቶው አጠገብ ሄዳ ቆመች። ጀርባዋን ሰጠችን።

ተከትያት ሄድኩ።

«የት ሄድሽ የኔ ቆንጆ?»

«ጅዳ።»

«እናት እኮ አንቺ ነሽ። ልጅሽ እያለቀሰች ነው። ነይ ወደ ቤት፣ ወጥ ሥሪ።»

«አልመጣም። ኮንትራት አልጨረስኩም።»

ካርቶኑን በሁለት እጇ ከፊቷ ትክክል አራቅ አድርጋ ያዘችው። ኢሞ የሚደውል ሰው እንደሚይዘው ማለት ነው። «ሃሎ! ይታያል? ፊቴ ይታያል? እኔ አይታየኝም። በላሽ? ለእማማ ታዘዢ፣ እሺ? ጫማ እልክልሻለሁ። ጁምዓ እደውላለሁ።» ከዚያ ድምጿን ዝቅ አደረገች። በትከሻዋ ላይ ወደኋላ አየች። «ማዳም መጣች፣ ልዝጋው» አለችና ካርቶኑን ቀሚሷ ሥር ደበቀችው።

ሳቅኩ። ረዳቴም ሳቀች። እኛ ስንስቅ ልጆቹ ሁሉ ሳቁ። እሷ ብቻ አልሳቀችም። ካርቶኑን እንደደበቀች ቆማ አየችን።

የዚያን ዕለት ሱፐርቫይዘሩ ለምልከታ መጥተው በሩ ላይ ቆመው ነበር። ፎርማቸውን ይዘው ወደ እኔ መጡ።

«እናትየው የት አለች?»

«ጅዳ ናት» አልኳቸው።

«መምህርት፣ የርዕሱ ዓላማ የቤተሰብ አባላትን መለየት ነው። አባት፣ እናት፣ እህት፣ ወንድም። ልጆቹ ትክክለኛውን ማወቅ አለባቸው።»

«ይችኛዋ ልጅ የምታውቀው ይሄንን ነው።»

«እሱ የግል ችግር ነው» አሉ። ፎርሙ ላይ «ጨዋታው ከርዕሱ ወጥቷል» ብለው ጻፉ። አስፈረሙኝ። ፈረምኩ። ያ ወረቀት ዛሬም ፋይሌ ውስጥ አለ፤ መፈረሜ እስካሁን ያንገበግበኛል። ሰውየው ክፉ አይደሉም። የያዙት ፎርም ላይ ለጅዳ የሚሆን ሣጥን አልነበረም።

ማታ ቤቴ ገብቼ ስለ ጨዋታ የተማርነውን ሳስታውስ ቪጎትስኪ ትዝ አለኝ። ይህ የሶቪየት የሥነ ልቦና ምሁር በ1933 እ.ኤ.አ. ስለ ጨዋታ በሰጠው ትምህርት ውስጥ የሁለት እህትማማቾችን ነገር ያነሳል። አንዷ 5፣ ሌላዋ 7 ዓመቷ ነው። «ነይ እህትና እህት እንጫወት» ይባባላሉ። እህትማማች ናቸው እኮ! ግን በኑሮ ሳያስተውሉት የሚያልፉትን እህትነት ሲጫወቱት ሕጉን ያወጡታል። አንድ ዓይነት ይለብሳሉ፣ እጅ ለእጅ ተያይዘው ይሄዳሉ፣ ይሄ የእነሱ ነው የእኛ አይደለም ይባባላሉ። የኔዋም ልጅ የእናትነትን ሕግ ነበር ያወጣችው። እናት ሩቅ ናት። ትሠራለች። ጁምዓ ትደውላለች። ጫማ ትልካለች። ማዳም ስትመጣ ትዘጋለች። አንዱንም አላጎደለችም። ከርዕሱ የወጣሁት እኔ ነበርኩ።

ደግሞ ማወቅ ነበረብኝ። ማስተማር የጀመርኩት በ2006 ዓ.ም. ነው። ያን ዓመት ሳዑዲ ዓረቢያ በጥቂት ወራት ውስጥ ከ160 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያንን መለሰች። ከመካከላቸው የወሎ ሰው ብዙ ነበር። እናቶች ልጆቻቸውን ሊወስዱ በር ላይ ይቆማሉ። ልጆቹ ከአያታቸው ቀሚስ ኋላ ይደበቃሉ። አንዷ ልጅ እናቷን «አክስቴ» ስትላት በጆሮዬ ሰምቻለሁ። የእናቲቱን ፊት አልረሳውም። ይህን ሁሉ ያየሁ ሰው ነኝ «ወጥ ሥሪ» ያልኳት።

በቋንቋችን ስንት የቤተሰብ ስም አለ! እንጀራ እናት፣ እንጀራ አባት፣ የጡት ልጅ፣ የማደጎ ልጅ፣ የክርስትና እናት፣ አሳዳጊ። አያቱን «እማዬ» ብሎ እናቱን በስሟ የሚጠራ ልጅ በየሰፈሩ አለ። አባቱ ለጁምዓ፣ እናቱ ለቅዳሴ የሚሄዱበት ቤት ለወሎ ልጅ አዲስ ነገር አይደለም፤ በዓል ሁለት ጊዜ ይበላል፣ በቃ። ከጦርነቱ በኋላ ደግሞ ባጎት ቤት፣ በጎረቤት ቤት የሚያድር ልጅ በዛ። ሥዕሉ ላይ ያሉት አራቱ ግን ከሶፋው አልተነሱም።

እስከዚህ ድረስ ያለው ብቻ ቢሆን ኖሮ በሱፐርቫይዘሩ ተናድጄ፣ ልጅቷን አድንቄ እቀመጥ ነበር። ሁለት ሳምንት ቆይቶ አያትየዋ መጡ።

ሰኞ ጠዋት ነው። ጥቁር ጃንጥላቸውን አጥፈው በሩ ላይ ቆሙ። ልጅቷን ወደ ሰልፍ ሸኟት፤ እሳቸው አልሄዱም።

«እማማ፣ ይግቡ፣ ይቀመጡ።»

የልጆቹ ወንበር ላይ ጉልበታቸውን አጥፈው ተቀመጡ። ትልቅ ወንበር ላመጣ ስል በእጃቸው ከለከሉኝ።

«ልጄ፣ ልወቅስሽ አይደለም አመጣጤ። ልጅቱን ማዳም እያሉ ይጠሯታል። ታውቂያለሽ?»

ሰምቼ ነበር። «ማዳም፣ ነይ!» ይሏታል ዕረፍት ሲወጡ። የፍቅር መጠሪያ መስሎኝ አልፌዋለሁ።

«ማዳም እኮ ያቺ ናት፣ ልጄ ላይ የምትጮኸው። የኔ ልጅ የሰው ቤት ሠራተኛ ናት። ልጅቱን በዚያች ሴት ስም ይጠሯታል?»

መልስ አጣሁ።

«ባለፈው ጁምዓ እናቷ ደወለች። ይቺ ደግሞ ደስ ብሏት ነገረቻት። ትምህርት ቤት ማዳም ይሉኛል አለቻት። ልጄ ዝም አለች። ከዚያ ስልኩ ተዘጋ። ኔትወርክ ነው አልኳት ለልጅቱ። ኔትወርክ አልነበረም። ወላሂ እስከ ዛሬ አልደወለችም።»

«እማማ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። እኔ ነኝ መጀመሪያ የሳቅኩት።»

ይህን ሳልናገር ብውል ይሻለኝ ነበር ብዬ አላስብም። ግን ስናገረው ጉሮሮዬን ያዘኝ። አያትየዋ ሻርፓቸውን አስተካከሉ። ለጥቂት ጊዜ ግድግዳው ላይ ያለውን ሥዕል ተመለከቱ። ያነባሉ ብዬ አላስብም፤ ግን ሥዕሉን አንድ በአንድ አዩት።

«እስቲ ልጠይቅሽ» አሉ። «በዚያ እቃቃ ላይ አያት ነበረች?»

«አልነበረችም።»

«ታዲያ ልጇን ለማን ጥላ ሄደች?»

ሰሌኑ ላይ የተኛችው አሻንጉሊት ታየችኝ። ሁላችንም ተነስተን ሮቶው ጋ ስንስቅ እዚያው ብቻዋን ነበረች። ልጅቷ ጅዳ ስትሄድ ልጇን የምትሰጣት ሰው አላኖርኩላትም። እኒህ ሴትዮ ግን ሌሊት ተነስተው እሳት አንድደው፣ ፊቷን አጥበው፣ ፀጉሯን ሠርተው የሚያመጧት ናቸው። በጨዋታችን ውስጥ ቦታ አልነበራቸውም። የመጡት ለራሳቸው እንዳልሆነ አውቃለሁ። ለኔ ግን የገባኝ በዚያች ጥያቄ ነው።

ሲነሱ «እቃቃውን አትከልክያት» አሉኝ። «ቤት እኮ ትጫወተዋለች፤ እኔው ነኝ ሻይ የምጠጣላት። ግን ገበናችንን ሰው መሳቂያ አታድርጊብን።»

ስለዚህች ቃል ብዙ አሰብኩ። ገበና። ልጅ ሲጫወት የቤቱን ይዞ ይወጣል፤ ማን ይጮኻል፣ ማን ይጠጣል፣ ማን አይመጣም። ለአስተማሪ ትልቅ በር ነው። ያ በር ግን ለክፍል ጓደኛም፣ ለረዳትም፣ በር ላይ ለሚያልፍም ይከፈታል። ልጁ እንዲያሳይ መፍቀድ ሌላ፣ ልጁን ማሳየት ሌላ ነው።

ሚና ማደል አቆምኩ። ሥዕሉን አላነሳሁትም፤ አራቱም ሰዎች ናቸው፣ እንደነሱ የሚኖር ልጅም አለኝ። ዕቃውን ግን አበዛሁት። ሻርፕ፣ ጋቢ፣ ከዘራ፣ ሁለት ተጨማሪ አሻንጉሊት፣ የብስኩት ካርቶን ደግሞ አራት። ስልኩ የሁሉም ሆነ። አምስት ስድስት እየሆኑ ይገባሉ፤ ማን ማን እንደሆነ ራሳቸው ይነግሩኛል። «ቤታችሁ ማን ማን አለ?» ብዬ በክፍል ፊት መጠየቅ ተውኩ። እሱን ሲመዘገቡ ከአሳዳጊው ጋር ለብቻችን እናወራዋለን።

ስለተለያየ ቤተሰብ ማስተማር ስፈልግ ባለክር ዓይኗን አሻንጉሊት አመጣለሁ። «ይቺ ልጅ ከሐይቅ ከተማ ነው የመጣችው፣ የምትኖረው ካጎቷ ጋር ነው፣ ዛሬ ከፍቷታል» እላለሁ። ልጆቹ ይጠይቋታል፣ እኔ እመልስላታለሁ። ማን ያጥባታል? አጎቷ እንጀራ መጋገር ይችላል? ታሪኩ የአሻንጉሊቷ ስለሆነ የማንም ጓዳ አይከፈትም። «እኔም!» የሚል ልጅ ካለ ደግሞ ራሱ ፈልጎ ነው የሚለው። ለሕፃን ይህ ልዩነት የማይገባው ይመስለናል። ይገባዋል።

ስሙን ማስተዉ ነው የከበደኝ። መቆጣት እንደሚያባብሰው ስለማውቅ አልተቆጣሁም። አንድ ቀን ሁሉም «እንዲህ ብላችሁ ጥሩኝ» የሚለውን ስም እንዲናገር አደረግሁ። እሷ ሙሉ ስሟን ከነአባቷ ተናገረች፣ ጮክ ብላ። ከዚያ ቀነሰ። ኅዳር አልቆም አልፎ አልፎ እሰማው ነበር።

በዚያው ዓመት ከራያ በኩል ከጦርነቱ ሸሽቶ የመጣ ወንድ ልጅ ነበረን። የሚኖረው ከታላቅ ወንድሙ ጋር ነው። ወንድሙም ልጅ ነው። በየትኛውም ቤት አልገባም ነበር። ከሮቶው በጣሳ ውሃ እየቀዳ ለሁሉም ቤት ያድላል፤ ሲጋብዙት «ሥራ አለብኝ» ይላል። ዓመቱን ሙሉ አልገባም። እኔም ግባ አላልኩትም።

ሱፐርቫይዘሩ በሚቀጥለው ዓመት ተመልሰው መጡ። ጎንበስ ብለው አንዱን ቤት አዩና «አባትየውስ?» አሉ። ጋቢ የለበሰው ልጅ «እዚህ አባት የለም፣ አጎት አለ። ይግቡ፣ ቡና ደርሷል» አላቸው። ፎርማቸውን ብብታቸው ሥር አድርገው ሰሌኑ ላይ ተቀመጡ። በቆርኪ የቀረበላቸውን ጠጡ። አቦሉን፣ ቶናውን፣ በረካውን። ያን ቀን ምን እንደጻፉ አላሳዩኝም፣ እኔም አልጠየቅኩም።

ልጅቷ ያኔ አንደኛ ክፍል ገብታ ነበር። ከእሷ የቀረኝ እኔ ጋ ሳለች የነበረው አንድ የታኅሣሥ ጠዋት ነው። ብርድ ነው፣ ከግድግዳው ሥር ተጠጋግተዋል። ሻርፑን እንደ አያቷ አጥብቃ ጠምጥማ መሐል ተቀምጣለች። ጣሳ ላይ ጠጠር እየቆላች ነው፣ ቡና መሆኑ ነው። አሻንጉሊቷን በጀርባዋ አዝላታለች። ሌላ ልጅ ካርቶኑን ይዛ ሮቶው ጋ ሄዳለች፤ ከዚያ ሆና «ሃሎ! ሃሎ!» ትላለች። ልጅቷ ጣሳውን አወረደች። እጇን በቀሚሷ ጠረገች። አሻንጉሊቷን ከጀርባዋ ፈትታ ጭኗ ላይ አስቀመጠቻት፤ የራሷን ካርቶን አነሳችና ፊቷ ላይ ያዘችላት።

«እናትሽ ናት» አለቻት። «አናግሪያት። ቶሎ በይ፣ ማዳም ሳትመጣ።»