ውሃው የት ያድራል? የስኪ ጀልባዬን ወለል የቀየርኩበት ታሪክ

ነገሩ የጀመረው በአንድ ብሎን ነው። የሾፌሩን ወንበር ከወለሉ ጋር የሚይዘው ብሎን ላልቶ ስለ ነበር ካቻቪቴ ይዤ ላጠብቀው ጎንበስ አልኩ። ብሎኑ ዞረ፣ ዞረ፣ የሚነክሰው ነገር አጣ። በጣቴ ስስበው ያለ ምንም ትግል ወጣ። በጥርሶቹ መካከል የቀረውን ጥቁር ነገር በአውራ ጣቴ ሳሸው እንደ እርጥብ አፈር ተፈረካከሰ። አፈር አልነበረም፤ የወለሉ እንጨት ነበር።

የውሃ ላይ ስኪ ጀልባ ወለል ኑሮው ከብዙ ጀልባዎች ይከብዳል። አንዱ በገመድ እየተጎተተ ይንሸራተታል፣ ይወድቃል፣ ውሃ እያንጠባጠበ በኋላ መቆሚያው በኩል ይወጣል፤ ሌላው ተራውን ይገባል። ይህ በአንድ ከሰዓት በኋላ ብቻ ብዙ ጊዜ ይደጋገማል። የዋና ልብሱ፣ የሕይወት አድን ሰደርያው፣ ገመዱ፣ ስኪው ራሱ፣ ሁሉም ውሃቸውን የሚያራግፉት ወለሉ ላይ ነው። የእኔ ጀልባ ወለል ከዳር እስከ ዳር ምንጣፍ ተለጥፎበት ነበር። እወደው ነበር። ለባዶ እግር ይመቻል፣ የሞተሩን ጩኸት ያለዝባል፣ ከላይ ሲያዩትም ንጹሕ ነው። በየሳምንቱ አጥበው ነበር፤ ከላይ ከላይ።

ብሎኑ በወጣበት በኩል የምንጣፉን ጠርዝ በፒንሳ ይዤ ሳብኩት። መጀመሪያ የመጣው ሽታው ነው፤ ለብዙ ጊዜ ተዘግቶ የቆየ እርጥብ ምድር ቤት የሚሸተውን ዓይነት። ምንጣፉ ከላይ ደረቅ ነበር። ጀርባው ግን ስጨብጠው ውሃ አወጣ። ጀልባዋ ከውሃ ከወጣች ሦስት ሳምንት አልፏታል፤ በእነዚያ ሦስት ሳምንታት አንድ ጠብታ ዝናብ አላገኛትም። ለጀልባ የሚሠራ ምንጣፍ በአብዛኛው ፖሊፕሮፒሊን ከሚባል ክር ነው፤ ክሩ ራሱ ውሃ አይጠጣም። ውሃውን የሚያቆየው በክሮቹ መካከል ያለው ክፍተትና ከስር ያለው ጀርባው ነው። ከላይ ያለው በፀሐይ ሲደርቅ ከስር ያለው መውጫ ያጣል፤ ከዚያ በየብሎኑ ቀዳዳ አድርጎ ወደ ኮምፔንሳቶው ይወርዳል።

እንጨት ሥራ የሚያውቅ ወዳጄን ጠርቼ አሳየሁት። እኔ በምን ልተካው እያልኩ ስለ ቀለምና ስለ ልስላሴ ሳወራ ጥቂት አዳመጠኝና፣ «እሱን ኋላ ትደርስበታለህ። መጀመሪያ ውሃው የት እንደሚያድር ንገረኝ» አለኝ። ከዚያ በኋላ የወሰንኩት ሁሉ በዚህች ጥያቄ ነው የተመዘነው።

ምንጣፉን በሙሉ አነሳሁት። ጨርቁ በአንድ ቀን ወጣ፤ ማጣበቂያው ግን አራት ቀን ፈጀብኝ። ትኩስ አየር በሚነፋ መሣሪያ እያለሰለስኩ በስፓቱላ ፋቅኩት፤ የቀረውን አሴቶን በሚባል ማሟሟቻ ፈሳሽ ጠረግሁ። እዚህ ላይ ሳልጠነቀቅ አላለፍኩም፣ እናንተም አትለፉ። የአሴቶን ትነት ከአየር ይከብዳል፤ ወደ ታች ወርዶ በጀልባዋ ሆድ ውስጥ ይጠራቀማል፤ ሞተሩና ባትሪውም ያሉት እዚያው ነው። ከዜሮ በታች ባለ ቅዝቃዜ እንኳ በእሳት ብልጭታ የሚቀጣጠል ፈሳሽ ነው። ስለዚህ ባትሪውን ነቀልኩ፣ ክዳኖቹን ሁሉ ከፈትኩ፣ ትኩስ አየር የሚነፋውን መሣሪያ አሴቶን ባለበት ቀን ጨርሶ አላወጣሁትም። ፋይበር ግላሱን፣ ማለትም በሙጫ የደረቀውን የመስታወት ክር ልባስ፣ በብርጭቆ ወረቀት ስሞርድ ደግሞ ተራ የአፍ መሸፈኛ አልበቃኝም፤ ደቃቅ ብናኝ የሚይዝ ማጣሪያ ያለው ጭምብል አጠለቅሁ። ብናኙ ቆዳን ያሳክካል፣ ሳንባ ውስጥ መግባትም የለበትም።

ወለሉ ባዶውን ሲቀር በመዶሻ እጀታ እያንኳኳሁ ከአፍንጫው እስከ ኋላው ዞርኩ። ጤነኛው ቦታ ጥርት ያለ ድምፅ ይመልሳል። የታመመው ዝም ይላል፤ ልክ የአሸዋ ከረጢት እንደ መምታት ነው። ዝም ያለኝን ሁሉ በጠመኔ ከበብኩት። በሾፌሩ ወንበር ስር፣ በሞተር ሽፋኑ ዙሪያና ውሃው ወደ ማፍሰሻው በሚወርድበት መስመር ላይ ክቦቹ ተያያዙ። ከዚያ በትራፓኖ ትንንሽ ቀዳዳ እየበሳሁ የሚወጣውን ፍርፋሪ አየሁ። ነጣ ያለና ደረቅ ከሆነ ደህና ነው። ቡናማና እርጥብ ከሆነ ይቆረጣል። በጣም የፈራሁት ከወለሉ ስር በቁመት የሚሄዱትን ተሸካሚ ወራጆች ነበር፤ ሞተሩ የተቀመጠው በእነሱ ላይ ነውና እነሱ በስብሰው ቢሆን ሥራው የወለል ሥራ መሆኑ ይቀር ነበር። ወራጆቹ ደረቅ ሆነው ሲገኙ እዚያው ወለሉ ላይ ተቀምጬ ትንሽ አረፍኩ።

የበሰበሰውን ቆርጬ አወጣሁ፤ ሆዱን ለሁለት ሳምንት ከፍቼ በአየር ማራገቢያ አደረቅሁ። ይህ ሁለት ሳምንት ረጅም ይመስላል፤ ነገር ግን እርጥብ እንጨት ላይ ኢፖክሲ (ከማጠንከሪያ ጋር ተቀላቅሎ የሚደርቅ ሙጫ) መድፋት መበስበሱን አትሞ ማስቀመጥ ነው። አዲሱ ኮምፔንሳቶ ለጀልባ የሚሠራው ዓይነት፣ ባለ 12 ሚሊ ሜትር ነበር። ስድስቱንም ፊቱን፣ በተለይም የተቆረጡ ጠርዞቹን፣ ከመግጠሜ በፊት ኢፖክሲ አጠጣሁት። እንጨት ውሃ ይበልጥ የሚጠጣው በጠርዙ ነው። በላዩ የመስታወት ጨርቅ በኢፖክሲ አለበስኩና ከአሮጌው ጋር የሚገናኝበትን ቦታ ቀስ ብሎ እንዲሳሳ አድርጌ ሞረድኩ፤ ለእያንዳንዱ ሚሊ ሜትር ውፍረት 12 ሚሊ ሜትር ያህል ተዳፋት መስጠት ነው። በዚህ ዓይነት የተጋጠመ ቦታ ጭነት ሲያርፍበት በቀላሉ አይሰነጠቅም።

ብሎኖቹን በተመለከተ የተማርኩትን ማንም ቢሰማኝ እወዳለሁ። ወለሉን የገደለው ምንጣፉ ብቻ አይደለም፤ እርቃናቸውን የተበሱት ቀዳዳዎች አብረውት ነበሩ። አሁን እያንዳንዱን ቀዳዳ ከብሎኑ ሰፋ አድርጌ እበሳለሁ፣ በወፈረ ኢፖክሲ እሞላዋለሁ፣ ሲደርቅ መሃሉ ላይ የብሎኑን ልክ እንደገና እበሳለሁ። ብሎኑ የሚነክሰው ኢፖክሲን ነው፤ እንጨቱን አይነካውም። ውሃ በብሎኑ ዙሪያ ቢሰርግ እንኳ ከኢፖክሲው ግድግዳ አያልፍም።

ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው ስለ ንጣፍ ማሰብ የጀመርኩት። ከአራት ዓይነት ንጣፍ ሁለት መዳፍ የሚያህል ናሙና አገኘሁ፦ የጎማ ጀርባ ያለውና የሚነሳው ምንጣፍ፣ ከፕላስቲክ ክር የተሸመነው ቪኒል፣ ኢቪኤ የሚባለው ባለ 6 ሚሊ ሜትር ፎም፣ እና ቲክ የሚባለውን እንጨት የሚመስለው ፕላስቲክ። ሁሉንም አንድ ሌሊት ባልዲ ውስጥ ነከርኩና ጠዋት ጥላ ስር ኮምፔንሳቶ ላይ አስተኛኋቸው። ማታ ሳነሳቸው ምንጣፉ ከስሩ ገና እርጥብ ነበር። የተሸመነው ቪኒል ፊቱ ደርቆ ጀርባው ላይ ያለው ስፖንጅ ረጥቧል። ፎሙን በጨርቅ አንድ ጊዜ ስጠርገው ደረቀ፤ ቀዳዳዎቹ እርስ በርሳቸው ስለማይገናኙ ውሃ ወደ ውስጥ አይዘልቅም። ፕላስቲኩም እንዲሁ ደረቅ ነበር።

በቀትር ፀሐይ ላይ በባዶ እግሬ ቆምኩባቸው። ጥቁር ግራጫው ፎምና ቲክ መሳዩ ፕላስቲክ እግሬን ስላቃጠሉኝ ልቆምባቸው አልቻልኩም። በማግስቱ ፈዘዝ ያለውን ግራጫ ፎም አምጥቼ ስሞክረው እግሬን ሳላነሳ መቆየት ቻልኩ። ቀለም የውበት ጉዳይ ብቻ ይመስለኝ ነበር፤ ስኪ ጀልባ ላይ ግን ሰው ሁሉ ባዶ እግሩን ስለሆነ ቀለም የእግር ጉዳይ ነው። በመጨረሻ ከስኪው ስር ያለውን ቀጭን ክንፍ በእያንዳንዱ ላይ ጎተትኩ። የተሸመነው ቪኒል ጭረት እንኳ አልያዘም። ፎሙ ላይ ግልጽ ቁርጥ ወጣ። በጉልበቴ ስንበረከክ ደግሞ ነገሩ ተገለበጠ፤ ቪኒሉ ቆዳ ይፍቃል፣ ፎሙ እንደ ትራስ ይቀበላል።

አንዱም በሁሉም አላሸነፈም። ስለዚህ ወለሉን በሙሉ ከሁለት ፈሳሽ ተቀይጦ በሚዘጋጅ፣ በማያንሸራትት ቀለም ቀባሁት፤ ምንም ሳይነጠፍበት ራሱን ችሎ ውሃ የማያስገባ ወለል ሆነ። ሰው በሚቆምበትና በሚንበረከክበት መሃሉና የኋላ መቆሚያው ላይ ፈዛዛ ግራጫ ፎም ለጠፍኩ። ከፊት ሰው ለሽርሽር በሚቀመጥበት ቦታ የሚነሳ ምንጣፍ አደረግሁ፤ ማታ ወጥቶ እንዲደርቅ ይሰጣል። ተለጥፎ የሚቀር ምንጣፍ ጀልባዬ ላይ አይመለስም።

ለፎሙ ልኩን የወሰድኩት ወፍራምና ብርሃን በሚያስተላልፍ ፕላስቲክ ነው። ወለሉ ላይ ዘርግቼ፣ በቴፕ ይዤ፣ የእያንዳንዱን ክዳንና ጥግ መስመር በማርከር ተከተልኩ። ከግድግዳና ከክዳን ጠርዝ 6 ሚሊ ሜትር ያህል ክፍተት ተውኩ። ክፍተቱ ለዓይን ያስፈልጋል፤ ከዚያ በላይ ግን ውሃው ወደ ማፍሰሻው የሚሄድበት ቦይ ነው። ፎሙን ክዳን ላይ አሻግሬ አላነጠፍኩም፤ ክዳኑ በተከፈተ ቁጥር ጠርዙን ይልጠዋልና። ጀርባው ራሱ ማጣበቂያ አለው፤ አንዴ ከነካ በኋላ ማስተካከል ስለማይቻል ከመሃል ጀምሬ፣ የተሸፈነበትን ወረቀት በጥቂት በጥቂቱ እየላጥኩ፣ በጠንካራ ሩሎ እየተጫንኩ ወደ ዳር ወጣሁ። ማጣበቂያው ሙሉ ጉልበቱን የሚያገኘው ከጊዜ በኋላ ስለሆነ ለሦስት ቀን ውሃ አላስነካሁትም።

መሃሉ እስከ ዛሬ አልተነቃነቀም። የኋላ መቆሚያው ግን በመጀመሪያው ወር ሁለቱ ጥጎቹ ተነሱ። ማጣበቂያውን ወቀስኩ፣ ሙቀቱን ወቀስኩ። ስልጠው ማጣበቂያው ከፎሙ ጋር እንዳለ ነው፤ ከመቆሚያው ግን ጨርሶ አልያዘም። የመቆሚያውን ፊት ለዓመታት በሰም ስወለውል ኖሬአለሁ። በአሴቶን ጠርጌው ነበር፤ አሴቶን ግን ቶሎ ስለሚተን ሰሙን ከማውጣት ይልቅ ይበልጥ ይቀባዋል። ሰም በሚያሟሟ ፈሳሽ፣ በየጊዜው ጨርቅ እየቀየርኩ፣ ደጋግሜ ጠረግሁ። የመጨረሻ ፈተናዬ ውሃ ማፍሰስ ነበር፤ ውሃው እንደ ዶቃ ከተሰበሰበ ሰም አለ፣ እንደ ስስ ጨርቅ ከተዘረጋ ንጹሕ ነው። ሲዘረጋ አዲስ ፎም ለጠፍኩ፤ ያዘ። ሲሊኮን የነካው ቦታም እንዲሁ ማጣበቂያ አይቀበልም፤ ስለዚህ ፎም በሚለጠፍበት አቅራቢያ ሲሊኮን አልጠቀምም።

እንክብካቤው ያን ያህል አይከብድም፣ ግን አይዘለልም። ጀልባዋ ከውሃ እንደ ወጣች መጀመሪያ የማፍሰሻውን ውታፍ አወጣለሁ፣ አፍንጫዋን ከፍ አደርጋለሁ። ፎሙን በለስላሳ ሳሙናና በለስላሳ ብሩሽ እጠርጋለሁ፤ የፀሐይ መከላከያ ቅባት ዘይትነት ስላለው ቶሎ ካልታጠበ እድፉ ይቀራል። አሴቶን ፎሙን ስለሚጎዳው በዚያ በኩል አያልፍም። በግፊት የሚረጭ ውሃ ስጠቀም ከሩቅ ነው፤ ወደ ጠርዙ ፈጽሞ አላነጣጥርም። ምንጣፉን ሁለቱን ፊቱን አሰጣለሁ። የጀልባዋን ሽፋን ደግሞ እርጥብ ወለል ላይ አላለብስም። ከዝናብ ለመጠበቅ ብዬ ቶሎ ሳለብሳት ኖሬ፣ ለካ ሻጋታውን የማሳድገው እኔው ነበርኩ። አሁን ክዳኖቹን ከፍቼ አሳድራታለሁ፤ ሽፋኑ የሚለብሰው በማግስቱ ነው። ስኪ ወደ ጀልባዋ ሲገባ ክንፉ ወደ ላይ ሆኖ፣ በግድግዳው በኩል ይቀመጣል። ይህንን አዲስ ለሚሳፈር ሰው ሁሉ ገና ሳይነሳ እነግራለሁ።

አሁን ሦስተኛ ወቅቷ ነው። ከሾፌሩ ወንበር ፊት፣ ተረከዝ በሚያርፍበት ቦታ፣ ፎሙ ተጨፍልቆ ሳስቷል፤ ቀለሙም ፀሐይ ከማያገኘው ክፍል ይልቅ ነጣ ብሏል። ልኩን የወሰድኩበትን ፕላስቲክ ጠቅልዬ አስቀምጬዋለሁና ያንን ክፍል ብቻ ቆርጬ እቀይረዋለሁ። ባለፈው ሳምንት ለዚሁ ስል ወንበሩን ፈታሁ። አራቱም ብሎኖች ካቻቪቴውን እየታገሉ ነው የወጡት፤ ጥርሶቻቸው መካከል የነበረው ነጭ የኢፖክሲ ዱቄት ብቻ ነው፤ ደረቅ።