የሚዲያ ቢዝነስ ዜናን በአማርኛ በቀልድ ማቅረብ፦ እኔ የምሰራበት መንገድ

የትልልቅ ሚዲያ ኩባንያዎችን የገንዘብ ዜና በአማርኛ እያዋዛሁ ማቅረብ ስጀምር አንድ ነገር ወስኜ ነበር፤ ከዜናው ውጪ ቀልድ አልጨምርም። በሰው መልክና አነጋገር መሳለቅ ቀላል ነው፣ ግን አድማጩ ስቆ ሲጨርስ ምንም ይዞ አይሄድም። ኩባንያው ያደረገውን በትክክል ከተረዳ ግን ራሱ ይስቃል። ስለዚህ ድካሜ ሁሉ ማስረዳቱ ላይ ነው።

በጣም የምወደው የክዊቢ ታሪክ ነው። በስልክ ብቻ የሚታዩ፣ ከ10 ደቂቃ የማይበልጡ ቪዲዮዎች የሚያቀርብ አገልግሎት ነበር። መስራቹ ጄፍሪ ካትዘንበርግ፣ ዋና ስራ አስፈፃሚዋ ሜግ ዊትማን ነበሩ። ሃሳቡ ሰው ወረፋ ሲጠብቅ ወይም ባቡር ላይ ሆኖ እንዲያይ ነው። ስራ የጀመረው እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 2020፣ ዓለም በኮሮና ቤቱን ዘግቶ በተቀመጠበት ሰሞን ነው። ለመንገደኛ በቆሎ ልትጠብስ ከሰሏን ያቀጣጠለች ሴት፣ መንገዱ ሲዘጋባት ማለት ነው።

ስክሪፕቴን ቀድማ የምታየው ባንክ የምትሰራ እህቴ ናት። እዚህ ጋ ስትደርስ «ቆይ አንተ፣ ብሩ የማን ነው?» አለችኝ። ጥያቄዋ ዝግጅቱን ለወጠው። ወደ 1.75 ቢሊዮን ዶላር ነው የተሰበሰበው፤ ካዋጡት መካከል ዲዝኒ፣ ሶኒ፣ ኤንቢሲ ዩኒቨርሳልና ዋርነር ሚዲያ አሉበት። እርስ በርስ የሚፎካከሩ ሁሉ አንድ ላይ ከፍለዋል! ከዚያ ወዲህ የማንኛውንም ዜና ስክሪፕት የምጀምረው በእሷ ጥያቄ ነው።

ሳቁ የመጣው ግን ከትንሿ ነገር ነው። መተግበሪያው ሲጀምር ስክሪንሾት ማንሳት አይፈቅድም ነበር። ሰው የወደደውን ትዕይንት ለጓደኛው መላክ አይችልም፤ ያም ሆኖ ወሬው በስልክ እንዲዛመት ይጠበቃል። ይህን ተናግሬ ዝም እላለሁ። ቀጥዬ በዚያው ዓመት ኦክቶበር ሊዘጋ መሆኑ እንደተነገረ እናገራለሁ። ከዚህ በላይ ማጣፈጫ አያስፈልገውም።

ገንዘቡን ወደ ብር አልመነዝርም። ቢሊዮን ዶላር በብር ቢባል ያው ለማሰብ የሚከብድ ቁጥር ነው። ከዚያ ይልቅ ቀኖቹን በተርታ አነባለሁ። ፊልምና ተከታታይ ድራማ በኢንተርኔት የሚያሳየው ኤችቢኦ ማክስ በ2020 ተጀመረ፣ በ2023 «ማክስ» ተባለ፣ በ2025 ተመልሶ ኤችቢኦ ማክስ ሆነ። በቃ፣ ይህን ብቻ።

በማን እንደምንስቅ ግን አጥብቄ እጠነቀቃለሁ። የዜና ጣቢያው ሲኤንኤን በክፍያ በኢንተርኔት የሚታይ አገልግሎት፣ ሲኤንኤን ፕላስ፣ ማርች 29 ቀን 2022 ተከፍቶ ኤፕሪል 28 ተዘጋ፤ በመሃል የኩባንያው ባለቤት ተቀይሮ ነበር። አዲሶቹ ኃላፊዎች ወር ሳይሞላው ያፈረሱትን ውሳኔ በደንብ እቀልድበታለሁ። የነበራቸውን ስራ ትተው እዚያ የተቀጠሩት ጋዜጠኞች ግን እንጀራቸውን ነው ያጡት። ስለእነሱ ስናገር ድምፄን እቀይራለሁ፣ ቀልዱንም አቆማለሁ።

አድማጮቼ በብዛት የጻፉልኝ በኔትፍሊክስ ፓስወርድ ጉዳይ ነው። አይገርምም፤ ዋሽንግተን ያለ ዘመድ የሚከፍልበትን አካውንት አዲስ አበባም ሪያድም ሆኖ የሚያይ ቤተሰብ ብዙ ነው። ኩባንያው በ2017 በትዊተር ገጹ «ፍቅር ማለት ፓስወርድ መጋራት ነው» ብሎ ነበር። በ2023 አሜሪካ ውስጥ ፍቅሩ ተጨማሪ ክፍያ መጣበት። ሁለቱን ጎን ለጎን ሳነብ አድማጩ የሚጠብቀው ኩባንያው ሲቀጣ ማየት ነው። የሆነው ተቃራኒው ነው፤ ክፍያው አሜሪካ ውስጥ በጀመረበት ሩብ ዓመት በዓለም ዙሪያ ወደ 5.9 ሚሊዮን አዲስ ደንበኛ አገኘ። ይህ መስመር ሳቁን እንደሚያቀዘቅዝ አውቃለሁ፣ ከስክሪፕቱ ግን አላወጣውም።