በሥራ ድርሻ ፈቃድ መስጠት፦ ከሐዋሳ የልምምድ ማስታወሻ

ባለፈው ፖስትግሬስ በተባለው የዳታቤዝ ሶፍትዌር ሠንጠረዦችን አዘጋጅቼ እንደጨረስኩ ነግሬያችሁ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ያተኮርኩት ማን ምን ማየትና ምን መለወጥ እንደሚችል በሚወስነው ክፍል ላይ ነው። ለልምምድ የመረጥኩት እዚሁ ሐዋሳ፣ አቶቴ አካባቢ ያለ አነስተኛ የቁጠባና ብድር ማኅበር የሚከተለውን አሠራር ሲሆን፣ የአባላቱን እውነተኛ ሒሳብ መለማመጃ ማድረግ ስለማይገባ መረጃውን በሙሉ ራሴ ፈጥሬ አስገብቻለሁ።

ፈቃድን ለእያንዳንዱ ሠራተኛ በስሙ ከመስጠት ይልቅ ለሥራ ድርሻው መስጠት፣ ሠራተኛውንም የድርሻው አባል ማድረግ የሚለው አሠራር በ1992 እ.ኤ.አ. ተመራማሪዎቹ ዴቪድ ፌራዮሎና ሪቻርድ ኩን ባቀረቡት ጥናት መልክ ይዞ፣ በ2004 የአሜሪካ ብሔራዊ ደረጃ ሆኗል። ፖስትግሬስም ከ8.1 እትሙ ጀምሮ ተጠቃሚንና ቡድንን አንድ አድርጎ ሁለቱንም «ሮል» ይላቸዋል።

የሥራ መደቦችን ስም ተከትሎ ድርሻ መቅረጽ ቀላል ይመስላል፤ ሆኖም በትንሽ ማኅበር ውስጥ መደቡና ሥራው አይገጥሙም፤ ገንዘብ ያዧ በሌለችበት ሰዓት መዋጮ የምትቀበለው ጸሐፊዋ ናትና። ስለዚህ የተነሣሁት ከግሶች ነው፦ ይመዘግባል፣ ያጸድቃል፣ ይከፍላል፣ ይመረምራል። መዝጋቢው የብድር ማመልከቻ ያስገባል እንጂ መጽደቅ አለመጽደቁን የሚያሳየውን «ሁኔታ» የሚለውን ዓምድ አይነካም፤ አጽዳቂው በአንጻሩ ይህንኑ ዓምድ ብቻ ይለውጣል፤ የብድሩን መጠን ግን መለወጥ አይችልም። ፖስትግሬስ ፈቃድን እስከ ዓምድ ድረስ ከፍሎ መስጠት ስለሚያስችል ይህ አያስቸግርም። ልብ ልትሉት የሚገባው ግን አጽዳቂው ማመልከቻውን በቁጥሩ ለይቶ እንዲያስተካክል የቁጥሩን ዓምድ የማንበብ ፈቃድም ሊኖረው እንደሚገባ ነው፤ አለበለዚያ የመለወጥ ፈቃድ እያለው ትእዛዙ ይከለከላል።

መዝጋቢና አጽዳቂ አንድ ሰው እንዳይሆኑ መከልከልን ግን ዳታቤዙ በራሱ አይሠራውም፤ አንድን ሰው የሁለቱም ድርሻ አባል ብታደርጉት ዝም ብሎ ይቀበላል። እኔ በየማመልከቻው የመዘገበውንና ያጸደቀውን ሰው ስም በራሱ እንዲይዝ፣ ሁለቱ ከተመሳሰሉም ማጽደቁን እንዳይቀበል አድርጌዋለሁ። በዚህ ጊዜ መያዝ ያለበት ፖስትግሬስ ከሚሰጣቸው ሁለት የተጠቃሚ ስሞች «ከረንት ዩዘር» ሳይሆን «ሴሽን ዩዘር» ነው፤ ሰውየው ወደ ሌላ ድርሻ ሲዞር የመጀመሪያው አብሮ ይቀየራል፣ ሁለተኛው ግን በመጀመሪያ የገባውን ሰው ይዞ ይቆያል።

ከሁሉም ይልቅ ጊዜ የወሰደብኝ ውክልና ነው። በመሥሪያ ቤቶቻችን ኃላፊው ለመስክ ሲወጣ «እስከምመለስ ተወክለዋል» የሚል ደብዳቤ ይጻፋል፤ ከደብዳቤው ጋር የይለፍ ቃሉም በወረቀት ተጽፎ ሲተላለፍ ብዙዎቻችን አይተናል። የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ያለፈቃድ መግባትን ብቻ ሳይሆን ከተፈቀደው በላይ አልፎ መግባትንም ወንጀል አድርጎታል፤ የይለፍ ቃል በጋራ ከተያዘ ግን ማን እንዳለፈ መለየት ይከብዳል። ተወካዩ በራሱ ስም ገብቶ የአጽዳቂነትን ድርሻ ለጊዜው ቢያገኝ ይሻላል። «እስከዚህ ቀን ይሠራል» የሚለው የፖስትግሬስ ቅንብር፣ «ቫሊድ አንቲል»፣ ይህን የሚፈታ ይመስላል፤ ነገር ግን የሚገድበው የይለፍ ቃሉን ዕድሜ እንጂ የድርሻውን አባልነት አይደለም። ስለዚህ ውክልናዎችን ከማብቂያ ቀናቸው ጋር በአንድ ሠንጠረዥ መዝግቤ፣ ጊዜው ያለፈበትን፣ ሥራን በተወሰነለት ሰዓት በራሱ በሚያስጀምረው «ክሮን» በተባለ ፕሮግራም አማካይነት ሌሊት ሌሊት እንዲሽር አደረግሁ። መብራት ሄዶ ማሽኑ ከጠፋ ክሮን ያመለጠውን ሥራ ተመልሶ አይሠራም፤ በእኛ ከተማ ደግሞ መብራት መጥፋቱ እንግዳ ነገር ስላልሆነ፣ ያው ሥራ ማሽኑ በተነሣ ቁጥርም እንዲካሄድ ጨምሬበታለሁ።

ቀጥዬ የምሠራው እያንዳንዱ አባል የራሱን ሒሳብ ብቻ እንዲያይ የሚያደርገውን የረድፍ ደረጃ ጥበቃ ነው። ይህ ጥበቃ ካልተገደደ በቀር የሠንጠረዡን ባለቤት ስለማይመለከት፣ ሙከራውን በባለቤቱ ስም ሳይሆን በተራ አባል መግቢያ አካሂዳለሁ።