ሁለት እርምጃ ሁሌም እኩል አይደለም

ውሻና ድመት ይመሳሰላሉ? አዎ ትላላችሁ። እንስሳና ተክልስ? እዚህ ላይ ትንሽ ታመነታላችሁ። ኮምፒውተር ግን አያመነታም፤ ልዩነቱን በቁጥር ልንነግረው ይገባል። ሰሞኑን ሐሳቤን የያዘው ይኸው ነው።

ቃላትን እንደ ዘር ሐረግ ደርድሯቸው። ከላይ «ነገር»፣ ከሥሩ «ሕያው ነገር»፣ ከዚያ «እንስሳ» እና «ተክል»፣ ከእንስሳ ሥር «አጥቢ»፣ ከአጥቢ ሥር ውሻና ድመት። እ.ኤ.አ. በ1985 በፕሪንስተን ዩኒቨርሲቲ የተጀመረው ዎርድኔት የተባለው የቃላት ቋት የእንግሊዝኛ ስሞችን ያደራጀው በዚህ መልክ ነው፤ የእሱ ዛፍ ግን በጣም ጥልቅ ነው።

ቀላሉ ዘዴ እርምጃ መቁጠር ነው። ከውሻ ወደ አጥቢ አንድ፣ ከአጥቢ ወደ ድመት ሁለት። ከእንስሳ ወደ ሕያው ነገር አንድ፣ ከዚያ ወደ ተክል ሁለት። እኩል ወጡ! ይሄ በፍጹም ሊዋጥልኝ አልቻለም፣ ምክንያቱም ዛፉ አናት ላይ ያለ አንድ እርምጃ ሰፊ ገደል የሚያሻግር ሲሆን ታች ያለው ግን ከጎረቤት ቤት አያልፍም።

ተመራማሪዎቹ ዉ እና ፓልመር እ.ኤ.አ. በ1994 ጥልቀትን፣ ማለትም ቃሉ ከአናቱ ስንተኛ ደረጃ ላይ እንዳለ፣ አስገቡበት። የቅርቡን የጋራ ወላጅ ጥልቀት በሁለት አባዝተህ ለሁለቱ ቃላት ጥልቀት ድምር ታካፍላለህ። «ነገር»ን 1 ብለን ብንጀምር ውሻና ድመት 0.8፣ እንስሳና ተክል 0.67 ገደማ ያገኛሉ። ተሻለ።

እኔን የማረከኝ ግን ተመራማሪው ፊሊፕ ረስኒክ እ.ኤ.አ. በ1995 ያቀረበው ነው። እርምጃውን ተወውና ጽሑፍ ውስጥ ቁጠር ይላል። «ድመት» በተጠቀሰ ቁጥር ለአጥቢም፣ ለእንስሳም፣ እስከ አናቱ ድረስ አብሮ ይቆጠራል። ስለዚህ «ነገር» የሁሉም ነው፣ ሁለት ቃላት እሱን ብቻ ቢጋሩ ምንም አልነገረንም፤ ዋጋው ዜሮ። የጋራ ወላጁ ብርቅ በሆነ ቁጥር ግን ዝምድናው ይጠብቃል። ጉድለት አለው፦ አንድ ወላጅ የሚያገናኛቸው ጥንዶች ሁሉ አንድ ዓይነት ቁጥር ይደርሳቸዋል። ሊን የተባለ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1998 የየቃሉን የራሱን ብርቅነት ጨምሮ አስተካከለው።

አንድ ነገር እንዳትሳሳቱ። መርፌና ክር አይነጣጠሉም፣ ዛፉ ላይ ግን ይራራቃሉ። ዛፉ የሚለካው መመሳሰልን እንጂ አብሮ መዋልን አይደለም።

ደግሞ «ገጽ» አለ። ፊትም ነው፣ የመጽሐፍም ነው። ቃሉ ብቻውን ከመጣ ሁሉንም ፍቺ ሞክሮ ከፍተኛውን ውጤት መውሰድ የተለመደ ነው፤ «ገጹ ጠቆረ» የሚል ዓረፍተ ነገር ውስጥ ሲገባ ግን መጀመሪያ የቱ ገጽ እንደሆነ መወሰን የግድ ነው።