የጠፈር ጣቢያውን ከአራት ኪሎ ጣራ ላይ በስሌት መጠበቅ

መብራት በበዛበት የአዲስ አበባ መሀል እየኖርሁ፣ ቴሌስኮፕም ሳይኖረኝ፣ የጠፈር በረራን በዓይኔ መከታተል የቻልሁት ስሌቱን በመማሬ ነው። ፍላጎቱ ያደረብኝ ኢትዮጵያ የመጀመሪያ ሳተላይቷን ኢቲአርኤስኤስ-1ን ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. ከቻይና ታይዩዋን ባስመጠቀች ሰሞን ነበር። ሳተላይቷ ግን 72 ኪሎ ግራም ገደማ ብቻ የምትመዝን ስለሆነች በዓይን ለማየት አትመችም። ስለዚህ ፊቴን ወደ ዓለም አቀፉ የጠፈር ጣቢያ አዞርሁ፤ እርሱ ከጫፍ እስከ ጫፍ 109 ሜትር የሚረዝም፣ ከ400 ቶን በላይ የሚመዝን፣ እ.ኤ.አ. ከኖቬምበር 2000 ጀምሮም ሰው ተለይቶት የማያውቅ ግዙፍ ሥራ ነው።

ጣቢያው የሚያልፍበትን ሰዓት የሚናገሩ የስልክ መተግበሪያዎች ሞልተዋል። እኔም ተጠቅሜባቸዋለሁ፤ ነገር ግን ያስተማረኝ ከበስተጀርባቸው ያለው ባለ ሁለት መስመር የምሕዋር (ጣቢያው ምድርን የሚዞርበት መንገድ) መረጃ ነው። በሁለተኛው መስመር መጨረሻ አካባቢ 15.5 ገደማ የሆነ ቁጥር ይገኛል፤ ጣቢያው በቀን ምድርን ስንት ጊዜ እንደሚዞር የሚያሳይ ነው። የቀኑን 86,400 ሰከንድ ለዚህ ቁጥር ስናካፍል አንዱ ዙር 5,574 ሰከንድ፣ ማለትም 93 ደቂቃ ያህል እንደሚፈጅ እናገኛለን። ከዚያ የዙሩን ጊዜ ከርቀቱ ጋር በሚያያይዘው በኬፕለር ሦስተኛ ሕግ የምሕዋሩ ርቀት ከምድር እምብርት 6,795 ኪሎ ሜትር ሆኖ ይወጣል፤ የምድርን ራዲየስ 6,378 ኪሎ ሜትር ብንቀንስ ከፍታው 417 ኪሎ ሜትር ነው። በወረቀትና በእርሳስ እዚህ ውጤት ላይ የደረስሁበት ምሽት፣ ጣቢያውን መጀመሪያ ካየሁበት ምሽት ይልቅ ደስ ብሎኛል ብል ማጋነን አይሆንም።

ከፍታው ከታወቀ ጣቢያው በየትኛው አገር አናት ላይ እንዳለ መገመት ይቻላል። በሰሜን በኩል ከአድማስ 33 ዲግሪ ያህል ከፍ ብሎ ሲታይ፣ በዚያው ቅጽበት የአክሱም ሰው ቀና ብሎ አናቱ ላይ ያየዋል። ምሕዋሩ ከምድር ወገብ ጋር 51.6 ዲግሪ ስለሚያጋድል፣ በእኛ ሰማይ ላይ ብዙውን ጊዜ ከደቡብ ምዕራብ ወደ ሰሜን ምሥራቅ ወይም ከሰሜን ምዕራብ ወደ ደቡብ ምሥራቅ ይሻገራል። አናታችን ላይ በሚያልፍበት ቀን፣ በደቡብ ምዕራብ 10 ዲግሪ ላይ ብቅ ሲል ገና ከደቡባዊ ዩጋንዳ በላይ ነው፤ ከሦስት ደቂቃ በኋላ ከላያችን ይደርሳል፤ ከሌላ ሦስት ደቂቃ በኋላም የመንን አልፎ የሳዑዲ ዐረቢያ ሰማይ ላይ ነው። በሰሜን በኩል የእንጦጦ ተራራ የመጀመሪያዎቹን ጥቂት ዲግሪዎች ስለሚጋርድ ለከተማው መሀል ነዋሪ የደቡቡ አቅጣጫ ይሻላል።

ጣቢያው የራሱ መብራት አያሳየንም፤ የምናየው ከአካሉ የሚንጸባረቀውን የፀሐይ ብርሃን ነው። እኛ ጨለማ ውስጥ ሆነን እርሱ ገና ፀሐይ ላይ መሆን አለበት። በ417 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ፣ አናታችን ላይ ያለ ነገር በምድር ጥላ የሚሸፈነው ፀሐይ ከአድማስ በታች 20 ዲግሪ ያህል ስትወርድ ነው። በ9 ዲግሪ ሰሜን ኬክሮስ ላይ ስለምንገኝ ፀሐይ ቁልቁል ቀጥ ብላ ትጠልቅብናለች፤ 20 ዲግሪውንም በ80 ደቂቃ ገደማ ትጨርሰዋለች። ከዚህ ላይ ሰማዩ እስኪጨልም የሚያልፈው ግማሽ ሰዓት ሲቀነስ የቀረው ጊዜ 50 ደቂቃ ያህል ብቻ ነው፤ እንደ ወቅቱ ከምሽቱ 12፡30 እስከ 2፡00 ሰዓት ገደማ ባለው መካከል፣ ወይም ከንጋት በፊት ያለው ተመሳሳይ ሰዓት። በሰኔ ወር በሰሜን አውሮፓ ፀሐይ ይህን ያህል ስለማትወርድ ሌሊቱን ሙሉ ያዩታል፤ ስለዚህ ለእነርሱ የተጻፈ መመሪያ ለእኛ አይሠራም። በምሽት የምድር ጥላ የሚነሣው ከምሥራቅ በመሆኑ፣ ጣቢያው ወደ ሰሜን ምሥራቅ ሲያዘቀዝቅ ቀላ ይልና ሰማዩ ጥርት ብሎ ሳለ ይጠፋል።

የመረጃው ሰዓት የግሪንዊች ሰዓት ነው። ሦስት ሰዓት መቀነስ በቀጥታ ወደ እኛ አቆጣጠር ያደርሳል፤ 15፡50 ማለት ምሽት 12፡50 ማለት ነው። የምሕዋር መረጃው ራሱ ትኩስ መሆን አለበት፤ ስስ አየር ጣቢያውን ስለሚጎትተውና አልፎ አልፎም በሞተር ከፍ ስለሚደረግ፣ የሳምንታት ዕድሜ ያለው መረጃ ሰዓቱን ያዛባል።

የምጠብቀው አራት ኪሎ አካባቢ ካለ ፎቅ ጣራ ላይ ነው። ሰፈሩ ለቤተ መንግሥቱ ቅርብ ስለሆነ፣ ጣራ ላይ ካሜራ በሦስት እግር ማቆም ጥያቄ ማስነሣቱ አይቀርም፤ አስቀድሜ የሕንፃውን ኃላፊዎች አስፈቀድሁ፣ ካሜራውንም ሁልጊዜ ወደ ሰማይ ብቻ አቀናዋለሁ። የሕንፃው ጥበቃ አንድ ምሽት አብረውኝ ካዩ በኋላ «ልጄ፣ ምን ይዞት ነው የማይወድቀው?» ሲሉ ጠየቁኝ። ብዙ ሰው እዚያ ከፍታ ላይ የመሬት ስበት የሌለ ይመስለዋል፤ በእርግጥ ግን ምድር ላይ ካለው 88 በመቶ ያህሉ እዚያም አለ። «ይወድቃል እንጂ ጋሼ» አልኋቸው፤ «ግን በሰከንድ 7.66 ኪሎ ሜትር ወደ ጎን ስለሚሮጥ፣ የወደቀውን ያህል መሬቷም ከሥሩ ትጎብጥለታለች።» ጥቂት አሰቡና «እንግዲያው ቢቆም ነው ጉዱ» አሉኝ፤ ከዚህ የተሻለ ማጠቃለያ እስካሁን አልሰማሁም።

ለፎቶግራፍ ተራ ስማርት ስልክ ይበቃል፤ ማተኮሪያውን ወደ ሩቅ አድርጎ፣ የብርሃን ትብነቱን (ISO) ወደ 100 ዝቅ አድርጎ፣ ለ10 ሰከንድ ክፍት መተው ነው። አናት ላይ ሲሆን በሰከንድ አንድ ዲግሪ ያህል ስለሚጓዝ ምስሉ ላይ የ10 ዲግሪ መስመር ይሠራል። ከቦሌ ከሚነሡ አውሮፕላኖች የሚለየው ብልጭ ድርግም ባለማለቱ ነው።

ምሕዋሩ ከፀሐይ አንጻር ዞሮ ወደ ነበረበት የሚመለሰው በሁለት ወር ገደማ ነው፤ ስለዚህ ጥሩ ምሽቶች ተከታትለው ይመጡና ለሳምንታት ይጠፋሉ። ክረምቱን ደመናው ስለማያስነካ የምጠብቀው ከጥቅምት ጀምሮ ነው። በእነዚያ የባዶ ሳምንታት ምሕዋሩ 41.5 ዲግሪ የሚያጋድለውን የቻይናውን የቲያንጎንግ ጣቢያ እከታተላለሁ። ከሁሉ የምወደው ግን እ.ኤ.አ. በ1990 የመጠቀውን የሐብል የጠፈር ቴሌስኮፕ ነው፤ ምሕዋሩ 28.5 ዲግሪ ብቻ ስለሚያጋድል ለስቶክሆልም ተመልካች ከአድማስ በላይ አይወጣም፣ እኛ ግን ከዚሁ ከአራት ኪሎ ጣራ፣ ከጠፈር ጣቢያው ደብዘዝና ዝግ ብሎ ሲሻገር እናየዋለን።